ስሙ አለ፣ ቤቱ የለም፦ ሥራ ሳይቆም የተበላሸ ሊንክ መጠገን

ጥር ነው። ደብረ ማርቆስ በሠርግ ተወጥራለች። የማውቃቸው አንድ ባለ ፎቶ ቤት ደወሉልኝ። «ኧረ ቶሎ ድረስልኝ፣ ኮምፒውተሩ አብዷል» አሉ። ስደርስ ሦስት ልጆች አልበም ያቀናብራሉ። ማተሚያው ሳያርፍ ይተፋል። በሩ ላይ አንድ ሚዜ ቆሞ በየአምስት ደቂቃው «ደረሰ?» ይላል።

ባለ ቤቱ ስክሪኑን በጣታቸው እየመቱ አሳዩኝ። «ይኸው! ‹ሥራ› የሚለው ፎልደር ይታያል። ስከፍተው ግን የለም ይለኛል። ዓይኔ እያየው እንዴት የለም ይባላል?»

«ጋሼ፣ ያ እኮ ፎልደር አይደለም። ሊንክ ነው።»

«እሱን ለራስህ ያዘው። ብቻ ማሽኑን እንዳታጠፋብኝ!»

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ እሳቸው የተናገሯት የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ናት። የጠፋን ሊንክ ማስተካከል ቀላል ነው። ሰው እየሠራበት ባለ ሰርቨር ላይ፣ ማንም ሳይደናቀፍ ማስተካከል ግን ራሱን የቻለ ሙያ ነው። አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፦ ትእዛዞቹ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው። እኔ ግን በስልክ ለሰው እንደማነብ አድርጌ በአጠራራቸው አስቀምጣቸዋለሁ። የፎቶ ቤቱ ማሽን የሚሠራው ሊኑክስ በሚባለው ሥርዓተ ክወና ነው፤ እሱን የሚነካ ሰው ወዲያው ያውቃቸዋል።

መጀመሪያ ሊንክ ምን እንደሆነ እንግባባ። ዲስክ ላይ ያለ እያንዳንዱ ፋይል አይኖድ የሚባል የራሱ መዝገብ አለው። መዝገቡ ቁጥር አለው። ባለቤቱ ማን ነው፣ መጠኑ ስንት ነው፣ ይዘቱ ዲስኩ ላይ የት የት ተቀምጧል የሚለው ሁሉ እዚያ ተጽፏል። የፋይሉ ስም ግን እዚያ የለም። ስሙ ያለው ፎልደሩ ውስጥ ነው። ፎልደር ማለት «ይህ ስም የዚህ ቁጥር ነው» የሚል ዝርዝር ነው፤ ከዚያ አያልፍም።

ሲምቦሊክ ሊንክ፣ ባጭሩ ሲምሊንክ፣ የራሱ አይኖድ አለው። ውስጡ ያለው ግን ፎቶም ሰነድም አይደለም። አንድ መስመር አድራሻ ነው። «እኔ ጋ ምንም የለም፣ እዚያ ሂዱ» ይላል። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ ከበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ በወጣው ቢኤስዲ 4.2 በሚባል የዩኒክስ ሥርዓተ ክወና ስሪት ላይ በ1983 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ከደረሰ ጀምሮ አለ። ሃርድ ሊንክ የሚባል ዘመድም አለው። እሱ ለአንዱ አይኖድ ቁጥር ሁለተኛ ስም ማውጣት ስለሆነ እንዲህ አይጠፋም። ከአንዱ ዲስክ ወደ ሌላው ዲስክ መሻገር ግን አይችልም። ስለዚህ ለፎቶ ቤቱ አይሆንም።

የፍላሽ ሾርትከት ቫይረስ ያሰቃየው ሰው እዚህ ጋ «ሾርትከት ማለትህ ነው?» ሊለኝ ይችላል። ይመሳሰላሉ፤ አንድ አይደሉም። የዊንዶውስ ሾርትከት ተራ ፋይል ነው። ትርጉሙን የሚያውቁት ዴስክቶፑና መሰሎቹ ናቸው። ሲምሊንክን የሚከተለው ግን ከርነሉ፣ ማለትም የሥርዓተ ክወናው እምብርት፣ ራሱ ነው። ፕሮግራሞቹ በሊንክ እንዳለፉ እንኳ አያውቁም። «ሥራ» የሚለውን ስም ይጠራሉ፣ ከርነሉ አድራሻውን አንብቦ ይወስዳቸዋል። የሊንክ ጥቅሙም ጣጣውም ከዚህ ይመጣል።

አድራሻ ሲባል በእኛ አገር አነጋገር አስቡት። «ከመናኸሪያው ወደ ላይ፣ ዋርካው ጋ ስትደርስ ወደ ቀኝ፣ ሰማያዊ በር።» ወረቀቱ ላይ ያለው ጽሑፍ አንድም ፊደል ሳይጠፋበት ዋርካው ሊቆረጥ ይችላል። በሩ አረንጓዴ ሊቀባ ይችላል። ደብረ ማርቆስ ራሷ ድሮ መንቆረር ነበረች። ቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ከተሠራ በኋላ ነው ስሟ የተቀየረው። ዛሬ «መንቆረር» ብሎ አድራሻ የጻፈ ሰው ደብዳቤውን የሚያደርስለት ሽማግሌ ሊያገኝ ይችላል። ከርነል ግን ሽማግሌ አይደለም። በጽሑፉ መሠረት ይሄዳል፤ ያ ስም ከሌለ «እንዲህ ያለ ፋይል ወይም ፎልደር የለም» ብሎ ይመለሳል። የባለ ቤቱ ግራ መጋባት ይኼው ነው። የለም የተባለው ሊንኩ አይደለም፤ ሊንኩ የጠቆመው ቦታ ነው። መልእክቱ ግን የትኛውን እንደሆነ አይናገርም። ይኼ ከተሠራ ጀምሮ ሰው የሚያሳብድ ጉድለት ይመስለኛል።

ስለዚህ «ሊንኩ ተበላሽቷል» ሲባል ሦስት የተለያዩ በሽታዎች ሊሆኑ ይችላሉ። አድራሻው ተሳስቶ ተጽፎ ይሆናል። አድራሻው ልክ ሆኖ ቤቱ ጠፍቶ ወይም ተዛውሮ ይሆናል። ወይም አድራሻው የተጻፈበት ወረቀት ራሱ፣ ማለትም ዲስኩ ላይ ያለው መዝገብ፣ ተቀዶ ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የየቀን ነገሮች ናቸው። ሦስተኛው አልፎ አልፎ የሚመጣ ከባድ ነው። መድኃኒታቸው ለየቅል ነው። ብዙ ሰው ግን ሳይመረምር ቸሞድ 777 የሚለውን ትእዛዝ ይሰጣል። እሱ የፈቃድ መድኃኒት ነው፤ ለጠፋ አድራሻ ምንም አይሠራም።

ወደ ፎቶ ቤቱ እንመለስ። ተርሚናል፣ ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት፣ ከፈትኩና ዝርዝር የሚያሳየውን ትእዛዝ ኤልኤስ ሰረዝ ኤል አልኩ። «ሥራ» ከሚለው ስም ቀጥሎ ቀስት፣ ከቀስቱ ቀጥሎ «/ዲስክ/ጎጃም/ሠርግ» ይላል። መጠኑ 30 ባይት ነው። የሲምሊንክ መጠን የአድራሻው ርዝመት ነው። የእኛ ፊደል እያንዳንዱ 3 ባይት ይወስዳል። ዘጠኝ ፊደል 27፣ ሦስት እዝባር (/) 3፤ ድምሩ 30። ልክ ነው። አድራሻው አልተቆረጠም፣ ወረቀቱም አልተቀደደም።

ታዲያ ቤቱ? ኤልኤስ ብዬ «/ዲስክ» ውስጥ ገባሁ። «ጐጃም» አለ። እዚያ ውስጥ «ሠርግ» አለ። ሁሉም ነገር ቦታው ላይ ነው! አንድ ሁለት ደቂቃ እንደ ባለ ቤቱ እኔም ስክሪኑን አፈጠጥኩበት።

ያኔ ነው ኔምአይ የሚባለውን ትእዛዝ የተጠቀምኩት። አድራሻውን ከሥሩ ጀምሮ በእያንዳንዱ እርከን እየረገጠ ያሳያል። «ሥራ» ሊንክ ነው፣ «ዲስክ» አለ፣ «ጎጃም»... የለም። ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ሊንኩ ላይ ያለው በ«ጎ» የተጻፈ ነው። ዲስኩ ላይ ያለው በ«ጐ» ነው። የአገሩ ስም በሁለቱም ይጻፋል፤ በድሮ ሰነድ ላይ በ«ጐ» የተጻፈውን እንደ ልብ ታገኙታላችሁ። ለእኛ አንድ ጎጃም ነው። ለኮምፒውተሩ ግን ሁለቱ ፊደላት ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። መጠናቸውም እኩል 3 ባይት ስለሆነ ያቺ 30 ምንም ልትጠቁመኝ አልቻለችም።

ፎልደሩን የፈጠረው የድሮው ሠራተኛ ነበር፤ በ«ጐ» ጽፎታል። በዚያን ቀን ጠዋት አዲሱ ልጅ ላስተካክል ብሎ ሊንኩን ደግሞ ሠራው፤ እሱ በ«ጎ» ነው ያደገ። ማንም አላጠፋም። ይህ በሽታ ለአማርኛ የተሰጠ ነው ማለት ይቻላል። «ሠርግ» እና «ሰርግ»፣ «ዓመት» እና «አመት»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ»፣ «ምሥራቅ ጎጃም» እና «ምስራቅ ጎጃም»። እነዚህን እያንዳንዳቸውን ሁለት የተለያዩ ፎልደሮች አድርጌ አግኝቻቸዋለሁ። ሰው አንዱን ይከፍታል፣ ሌላው ላይ ያስቀምጣል፣ ከዚያ «ፋይሌ ጠፋ» ይላል። ስለዚህ ሊንክ ስትሠሩ መድረሻውን በእጃችሁ አትጻፉት። የመጀመሪያውን ፊደል አስገቡና ታብ ተጫኑ። ኮምፒውተሩ ያለውን ስም ራሱ ይጨርሰዋል። የማይጨርስ ከሆነ በዚያ ፊደል የሚጀምር ስም የለም፣ ወይም ከአንድ በላይ አለ ማለት ነው።

ሌላው የተለመደ የአድራሻ ስህተት ከየት ተነስቶ እንደሚቆጠር አለማወቅ ነው። በእዝባር የሚጀምር አድራሻ ከዲስኩ ሥር ይቆጠራል። በእሱ የማይጀምር ደግሞ ሊንኩ ከተቀመጠበት ፎልደር ይቆጠራል። እናንተ ከቆማችሁበት አይደለም! «ከጎረቤት ሁለተኛው ቤት» የሚል ወረቀት ቡሬ ተጽፎ ዳንግላ ቢነበብ ሌላ ሰው ቤት ያደርሳል። እንዲህ ያለውን ሊንክ ወደ ሌላ ፎልደር ስታዛውሩት አንድ ፊደል ሳይቀየር ይበላሻል። አንዳንዴ ደግሞ ሁለት ሊንኮች እርስ በእርስ ይጠቋቆማሉ። ሊኑክስ በአንድ መንገድ ላይ 40 ሊንክ ድረስ ይከተልና «ሊንኩ በዛ» ብሎ ይተወዋል። ዙሪያ ጥምጥም ማለት ይኼ ነው።

የሞቱ ሊንኮችን በአንድ ጊዜ ማግኘት ይቻላል፤ ፋይንድ ብሎ ሰረዝ ኤክስታይፕ ኤል ማለት ነው። መድረሻቸው የማይገኝ ሊንኮችን ሁሉ ይዘረዝራል። በዚህ ዝርዝር ላይ «አጥፋ» የሚል ጨምሮ የሚያስኬድ ሰው አውቃለሁ። እባካችሁ አታድርጉት። የውጭ ሃርድ ዲስኩ ተነቅሎ ከሆነ ወደ እሱ የሚጠቁሙት ሁሉ እንደ ሞቱ ይቆጠራሉ። ከቤት የወጣ ሰው ስላልተመለሰ ብቻ ተዝካር አይወጣለትም። ዲስኩ ሲሰካ ሁሉም ይነሳሉ።

እንዲያውም ዲስኩ ሳይሰካ የሚሠራ ሰው የባሰ ጣጣ አለበት። ዲስኩ የሚሰካበት ባዶ ፎልደር ብዙ ጊዜ ቦታው ላይ ይቀራል። ሊንኩ በቀጥታ ወደ እሱ ከጠቆመ ያልሞተ ይመስላል። ፎቶው ሁሉ እዚያ ባዶ ፎልደር ውስጥ፣ በዋናው ዲስክ ላይ ይከማቻል። ማታ የውጭው ዲስክ ሲሰካ ከላዩ ይሸፍነውና የቀኑ ሥራ የጠፋ ይመስላል። አልጠፋም፤ ዲስኩ ሲነቀል ከሥሩ ይገኛል። ግን እስኪገኝ ድረስ የሚፈስ ላብ አለ።

አሁን ወደ ጥገናው። ሁለት ምርጫ ነበረኝ። ወይ የፎልደሩን ስም ወደ «ጎጃም» መቀየር፣ ወይ የሊንኩን አድራሻ ወደ «ጐጃም» ማረም። ፎልደሩን መንካት ያምር ነበር፤ ግን ሌሎች ሊንኮችና የማተሚያው ሰልፍ በድሮው ስም ይጠሩታል። አንዱን ሳድን አሥሩን እገድላለሁ። ሊንኩን ልቀይር ወሰንኩ።

እዚህ ጋ ነው የተሳሳትኩት። እንደ ማንኛውም ሰው መጀመሪያ የድሮውን ሊንክ አጠፋሁ፣ ከዚያ አዲሱን ልጽፍ ጀመርኩ። በመካከሉ ሚዜው «ደረሰ?» አለ። ቀና ብዬ «ትንሽ ቆይ» አልኩት። ለካስ በዚያ ሰርቨር ላይ በየደቂቃው የሚነሳ አንድ ስክሪፕት፣ ማለትም ትንሽ ፕሮግራም፣ አለ። ከካሜራ ካርድ ፎቶ ይገለብጣል። «ሥራ» የሚለውን ስም ይፈልጋል፣ ካላገኘ ይፈጥራል። በዚያች ቅጽበት ተነሳ። ሊንኩ የለም። ደግ ሰው ነውና «ሥራ» የሚል እውነተኛ ፎልደር ፈጥሮ ፎቶ መሙላት ጀመረ።

እኔ ይህን ሳላውቅ ኤልኤን ሰረዝ ኤስ ብዬ ሊንኬን ፈጠርኩ። ስህተት አልመጣም። ግን በዚያ ስም ፎልደር ካለ ኤልኤን ሊንኩን ፎልደሩ ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው። «ሥራ» ውስጥ «ሠርግ» የሚል ሊንክ ተፈጠረ። ልጆቹ ሲከፍቱት ግማሹ ፎቶ እዚህ፣ ግማሹ እዚያ። ባለ ቤቱ አዩኝና ምንም አላሉም። ከቁጣ የከፋው እሱ ነው።

ያ ቀዳዳ የተፈጠረው «ማጥፋት» እና «መፍጠር» ሁለት የተለያዩ እርምጃዎች ስለሆኑ ነው። በመካከላቸው ስሙ የሌለበት ጊዜ አለ። አንድ ሺኛ ሰከንድ ይሁን አንድ ደቂቃ ለውጥ የለውም፤ ሥራ በበዛበት ማሽን ላይ ሁልጊዜ የሚገባበት ይኖራል። ኤልኤንን «በግድ ተካ» በሚለው ምልክት፣ ሰረዝ ኤፍ፣ ማዘዝም ሙሉ መፍትሔ አይደለም። በቆዩ ስሪቶች እሱም ከውስጥ መጀመሪያ አጥፍቶ ነው የሚፈጥረው። በዚያ ላይ ሊንኩ ወደ ፎልደር የሚጠቁም ከሆነና «ሊንኩን አትከተል» የሚለውን ሰረዝ ኤንን ከረሳችሁ፣ አሁንም ወደ ፎልደሩ ውስጥ ዘልቆ እዚያ ይፈጥራል።

ትክክለኛው መንገድ ይኼ ነው። አዲሱን ሊንክ በሌላ ስም፣ እዚያው ጎን ላይ ትሠራላችሁ። ለምሳሌ «ሥራ-አዲስ» ብላችሁ። ማንም ስለማያውቀው ማንም አይነካውም። ኤልኤስ ብላችሁ ታዩታላችሁ፣ ገብታችሁ ትወጣላችሁ፣ ፎቶዎቹ መኖራቸውን ታረጋግጣላችሁ። ከዚያ ኤምቪ ሰረዝ ትልቁ ቲ ብላችሁ «ሥራ-አዲስ»ን በ«ሥራ» ላይ ትሰይሙታላችሁ። ከርነሉ ይህን የስም ለውጥ እንደ አንድ እርምጃ ነው የሚፈጽመው። የሚጠራው ፕሮግራም ወይ የድሮውን ያገኛል፣ ወይ አዲሱን። «የለም» የሚባልበት ቅጽበት የለም። ትልቁ ቲ ለምን አስፈለገች? እሷ ከሌለች ኤምቪ «ሥራ»ን ተከትሎ ፎልደሩ ውስጥ ይገባና አዲሱን ሊንክ እዚያ ይጥለዋል። ከኤልኤን ጋር አንድ ዓመል ነው ያላቸው።

በዕለቱ ግን «ሥራ» እውነተኛ ፎልደር ሆኖ ነበርና ይህ አልሆነልኝም። ሊንክ በፎልደር ላይ አይሰየምም። ስክሪፕቱን ለአፍታ አቆምኩ። ፎልደሩን «ሥራ-ትርፍ» ብዬ ወደ ጎን ሰየምኩት። አዲሱን ሊንክ በቦታው አስገባሁ። ስክሪፕቱን አስነሳሁ፣ ትርፎቹን ፎቶዎች ወደ ቦታቸው መለስኩ። ሃያ ሰከንድ የሚፈጀው ነገር ሃያ አምስት ደቂቃ ወሰደ። ሚዜው ተቀመጠ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሊንኩ ከተቀየረ በኋላም ቀድሞ ፋይል የከፈተ ፕሮግራም በያዘው ይቀጥላል። ከርነል አድራሻ የሚያነበው ሲከፈት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙ የያዘው አይኖዱን ነው እንጂ ስሙን አይደለም። ይህ ብዙ ጊዜ በረከት ነው፤ አልበም በማቀናበር ላይ ያለው ልጅ ምንም አልተሰማውም። ቀኑን ሙሉ አንድ ፋይል ከፍቶ የሚጽፍ ሰርቪስ ካላችሁ ግን እስኪነሳ ድረስ በድሮው ቦታ ይጽፋል። እሱን ብቻ ለይቶ ሪስታርት ማድረግ ነው።

እስካሁን ያልነው ሁሉ የጽሑፍ ስህተት ነው። ሦስተኛው በሽታ ሌላ ነው። መብራት ድንገት ይሄዳል፣ መጠባበቂያ ባትሪው (ዩፒኤሱ) አርጅቷል፣ ዲስኩ በመጻፍ ላይ ነበር። ወይም ዲስኩ ራሱ እያረጀ ነው። ሲነሳ ኤልኤስ ስትሉ በሊንኩ ምትክ «መዋቅሩ መጽዳት ያስፈልገዋል» የሚል መልእክት ይመጣል። ይህ የሚለው ቤቱ የለም አይደለም። አድራሻውን ማንበብ አልቻልኩም ነው።

አድራሻው የት ይቀመጣል? አጭር ከሆነ አይኖዱ ውስጥ፣ እዚያው ክፍተት ላይ ይጻፋል። ኤክስት4 በሚባለው የፋይል ሥርዓት (ፋይሎች ዲስኩ ላይ የሚደራጁበት ስልት) እስከ 59 ባይት ድረስ ይገባል። በእኛ ፊደል 19 ብቻ መሆኑ ነው። ከዚያ ካለፈ በዲስኩ ላይ ራሱን የቻለ ብሎክ፣ ማለትም ቁራጭ ቦታ፣ ይሰጠዋል። በአማርኛ ረጅም ስም የሚያወጣ ሰው ሊንኩ ቶሎ ወደ ብሎክ ይሸጋገራል ማለት ነው። የፎቶ ቤቱ ዲስክ ኤክስኤፍኤስ የሚባል ሌላ የፋይል ሥርዓት ነው። እዚያ የአንድ ሊንክ አድራሻ ጣሪያው 1024 ባይት ነው። በአዲሱ የኤክስኤፍኤስ አቀማመጥ እያንዳንዱ የአድራሻ ብሎክ በግንባሩ የየትኛው አይኖድ እንደሆነና የማረጋገጫ ድምር ተጽፎበታል። ድምሩ ካልገጠመ ከርነሉ አድራሻውን አያምነውም። የተሳሳተ ቦታ ከመውሰድ መቆም ይሻለዋል።

የቆየው ሕክምና ዲስኩን ነቅሎ መጠገን ነው። ለኤክስት4 ኤፍኤስሲኬ፣ ለኤክስኤፍኤስ ኤክስኤፍኤስ ሪፔር አሉ። እነዚህን ሰው እየሠራበት ባለ ዲስክ ላይ በፍጹም እንዳታስኬዱ! ከርነሉ በአንድ በኩል ይጽፋል፣ ጠጋኙ በሌላ በኩል ይጽፋል፣ አንዱ ሌላውን አያውቅም። አንድ ሊንክ ለማዳን ተነስቶ ዲስኩን በሙሉ የሚያጣ ሰው ታሪኩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ደስ የሚለው፣ ኤክስኤፍኤስ ላይ አሁን ሌላ መንገድ አለ። ዳሪክ ዎንግ የሚባለው የከርነል አዘጋጅ ለዓመታት ሲሠራበት የቆየው፣ ዲስኩ ሳይነቀል መጠገን የሚባለው ነገር ነው። የሲምሊንኩ ክፍል ከሊኑክስ 6.10 ጋር፣ በ2024 እ.ኤ.አ. ገባ። ከውጭ ኤክስኤፍኤስ ስክራብ የሚባለው ፕሮግራም ያዛል፣ ጠጋኙ ግን ከርነሉ ራሱ ነው። ያን ሊንክ ይቆልፈዋል፤ ሌላው ሁሉ ሥራውን ይቀጥላል። ከፍርስራሹ ውስጥ የሚነበበውን ያህል የአድራሻ ቁራጭ ይለቅማል። ጎን ላይ፣ ማንም በማያየው ጊዜያዊ ፋይል፣ አዲስ አድራሻ ያዘጋጃል። ከዚያ የሁለቱን ይዘት በአንድ እርምጃ ያለዋውጣል።

ጎን ላይ ሠርቶ በአንዴ መቀየር! እኔ በ«ሥራ-አዲስ» ላደርገው የሚገባኝን፣ ከርነሉ አይኖዱ ውስጥ ድረስ ወርዶ ያደርገዋል። ልዩነቱ እሱ በመካከል ሚዜ አያናግርም።

የተለቀመው አድራሻ ርዝመት መዝገቡ ላይ ካለው መጠን ጋር ካልገጠመስ? እዚህ ጋ ያለውን አሠራር በጣም እወደዋለሁ። ግምት አይጽፍም። ባዶም አይተወውም። በአድራሻው ቦታ አንድ ረጅም መልእክት ያስገባል፤ «የዚህ ሊንክ መድረሻ ጨርሶ ሊገኝ አልቻለም፣ በምትኩ ይህ ማብራሪያ ገብቷል» የሚል ዓይነት። መልእክቱ ሆን ተብሎ ከ255 ባይት እንዲረዝም ተደርጓል። አንድ የፋይል ስም ከ255 ባይት፣ በእኛ ከ85 ፊደል፣ ማለፍ አይችልም። ስለዚህ በዓለም ላይ በዚያ ስም የሚጠራ ፋይል ሊኖር አይችልም። ሊንኩን የከፈተ ሰው «ስሙ ረዘመ» የሚል ስህተት ያገኛል፤ ኤልኤስ ያለ ደግሞ ምክንያቱን አንብቦ ይረዳል። በስህተት የሌላ ሰው ቤት የሚገባ የለም።

ከፊሉ ብቻ የተለቀመ አድራሻም በዚሁ መልእክት ይተካል እንጂ ተመልሶ አይጻፍም። «/ዲስክ/ጐጃም/ሠርግ» የነበረው «/ዲስክ/ጐጃም» ሆኖ ቢመለስ ይከፈታል፣ ግን የሚፈለገው ቦታ አይደለም።

ከርነላቸው ያረጀ ሰዎች፣ ፎቶ ቤቱም ጭምር፣ ይህ የላቸውም። ለእነሱ የምለው ሊንክ ጠፋ ማለት ፎቶ ጠፋ ማለት አይደለም። መድረሻው ሌላ ቦታ ደህና አለ። የታመመውን ሊንክ አትታገሉት፤ ብዙ ጊዜ ማጥፋትም ስም መቀየርም እምቢ ይላል። በሌላ ስም፣ ከተቻለ በሌላ ፎልደር፣ ጤነኛ ሊንክ ሠርታችሁ ሰዎቹን ወደዚያ ምሯቸው። ማታ ሱቁ ሲዘጋ ባክአፕ ወስዳችሁ፣ ዲስኩን ነቅላችሁ ጠግኑ። በፍላሽ ባክአፕ የሚይዝ ሰው ግን ይጠንቀቅ፦ ብዙው ፍላሽ የሚመጣበት ፋት32 እና ኤክስፋት ሲምሊንክ መያዝ አይችሉም። ፎቶው ይገለበጣል፣ ሊንኩ ይቀራል። ታር በሚባለው ፕሮግራም ጠቅልሎ ማስቀመጥ ይሻላል፤ ታር ሊንኩን እንደ ሊንክ ይይዘዋል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ሊንኩ ድሮ ወዴት ይጠቁም እንደነበር የሚያውቅ ካለ ነው። ፋይንድ የሊንኮቹን ስምና መድረሻ በአንድ የጽሑፍ ፋይል ላይ ዘርዝሮ ይሰጣል። ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ፎቶ ቤቱ ውስጥ ይህን ዝርዝር አተምኩላቸው፤ በጠቅላላ 14 መስመር ነው። ባለ ቤቱ ከመብራት ቆጣሪው ሥር በፕላስተር ለጠፉት። «ጐጃም» በሚለው ዙሪያ በቀይ እስክሪብቶ አክብበው፣ አዲሱን ልጅ ጠርተው «ይቺን ፊደል ታውቃታለህ?» አሉት።